የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሲጠረጠር ኤምአርአይ ለምን በኮንትራስት ይነሳል?

አንድ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል። ሽንቱ ጠቁሯል። ሰገራው በተቃራኒው ነጥቷል። ሌሊት ሌሊት ሰውነቱን ያሳክከዋል። ሆዱን ግን እምብዛም አያመውም፤ ስለዚህ ሳምንት ሁለት ሳምንት ችላ ይለዋል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል። ውጤቱም «ጉበት ውስጥ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች ሰፍተዋል፤ መውጫቸውን የሆነ ነገር ዘግቶታል» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ኤምአርአይ ከኮንትራስት ጋር ነው። ኮንትራስት ማለት ምስሉ ላይ ነገሮች ደምቀው እንዲለዩ በደም ሥር የሚወጋ መድኃኒት ነው።

እዚህ ጋ ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ሲቲ ስካን አይበቃም እንዴ? መርፌው ለምን አስፈለገ? ኩላሊት አይጎዳም? ይሄ ሁሉ ከታየ በኋላስ ናሙና ለምን ይወሰዳል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

## የሐሞት ቱቦ የቱ ነው?

ጉበት በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመርታል። ሐሞት ስብ እንዲፈጭ ይረዳል። ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ቆሻሻም ከሰውነት ያስወጣል። ይህን ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት የሚያደርሱት የሐሞት ቱቦዎች ናቸው።

ቅርጻቸውን በዛፍ መስሉት። ጉበት ውስጥ እንደ ጭራሮ የቀጠኑ ቅርንጫፎች አሉ። እነሱ እየተገናኙ አንድ የቀኝና አንድ የግራ ትልቅ ቅርንጫፍ ይሠራሉ። ሁለቱ ከጉበት በሚወጡበት ቦታ ላይ ይጋጠማሉ፤ ይህን ቦታ የጉበት በር እንበለው። ከዚያ በኋላ አንድ ግንድ ብቻ ነው። ግንዱ ወደ ታች ወርዶ፣ በቆሽት ራስ ውስጥ አልፎ አንጀት ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሐሞት ከረጢት ከዚህ ግንድ ጎን የተንጠለጠለ ማጠራቀሚያ ነው። ከረጢቱና ቱቦው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካንሰራቸውም የተለያየ ነው።

የሐሞት ቱቦ ካንሰር የሚነሳው ከቱቦው የውስጥ ሽፋን ነው። ሦስት ቦታ ሊወጣ ይችላል፦ ጉበት ውስጥ ባሉት ቅርንጫፎች፣ የጉበት በር ላይ፣ ወይም ታች ግንዱ ላይ። በብዛት የሚታየው በሩ ላይ የሚወጣው ነው። ጄራልድ ክላትስኪን የተባሉ ሐኪም በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዝርዝር ስለገለጹት እስከ ዛሬ «የክላትስኪን ዕጢ» ይባላል።

ቦታው ሁሉን ነገር ይወስናል። ጉበት ውስጥ ከሆነ የጉበቱ ክፍል ይቆረጣል። በሩ ላይ ከሆነ ቱቦውም የጉበቱም ክፍል አብረው ይወጣሉ። ታች ከሆነ ደግሞ ቀዶ ጥገናው የቆሽት ራስን ይጨምራል። ምልክቱም እንደ ቦታው ይለያል። በሩ ወይም ግንዱ ሲዘጋ ዓይን ቶሎ ቢጫ ይሆናል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከተዘጋ ግን የቀሩት ሥራውን ስለሚሸፍኑ ዕጢው ምንም ሳያሳይ ሊያድግ ይችላል።

## ሲቲ ስካን አይበቃም?

ሲቲ ስካን ጠቃሚ ነው። ደም ሥሮችን አጥርቶ ያሳያል፤ ሳንባንና የቀረውን ሆድ በአንድ ጊዜ ለመቃኘትም ይመቻል። ብዙ ሐኪሞች ሁለቱንም ያዝዛሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ችግሩ የዚህ ካንሰር ጠባይ ነው። ብዙ ጊዜ ክብ እብጠት ሆኖ አይወጣም። ግድግዳውን ተከትሎ ይሳባል። ጤናማው ግንድ ራሱ ስፋቱ ስድስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የዚህን ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር መወፈር ነው የምንፈልገው። ሲቲ ስካን ላይ የሰፉት ቱቦዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ የዘጋቸው ነገር ግን ላይታይ ይችላል። በር መዘጋቱን አውቀን ማን እንደዘጋው አለማወቅ ማለት ነው።

## ኤምአርአይ እንዴት ነው የሚያየው?

ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። የሃይድሮጅን እምብርት እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይሠራል። ማሽኑ ራሱ ግዙፍ ማግኔት ነው፤ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። 1.5 ቴስላ ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል ወደ 30 ሺህ እጥፍ ይጠጋል። ሰው ሲገባበት እነዚያ ጥቃቅን ማግኔቶች መስመር ይይዛሉ። ከዚያ ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ይነቀንቃቸዋል፤ ተመልሰው ሲረጋጉ ምልክት ይልካሉ። ኮምፒውተሩ ያንን ምልክት ወደ ምስል ይቀይረዋል። ኤክስሬይ የለበትም፤ የጨረር ጉዳት የለበትም። ለዚህ ዘዴ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ለሐሞት ቱቦ ብቻ የተዘጋጀ አነሳስም አለ፤ ኤምአርሲፒ ይባላል። ማሽኑ የረጋ ፈሳሽን ብቻ እንዲያበራ፣ ሌላውን እንዲያጨልም ይደረጋል። መርፌ አያስፈልገውም። ሐሞቱ ራሱ ያበራል፤ ዛፉ በሙሉ ጥቁር ላይ በነጭ ተስሎ ይወጣል። የት ቦታ ላይ ድንገት እንደተቆረጠ ወዲያው ይታያል።

ነገር ግን ኤምአርሲፒ የሚያሳየው ወንዙን ነው፤ ዳርቻውን አያሳይም። ውሃው የት እንደቆመ ይነግረናል። ያቆመው ድንጋይ ይሁን፣ ጠባሳ ይሁን፣ ዕጢ ይሁን ብዙ ጊዜ አይለይም። ዳርቻውን ለማየት ነው ኮንትራስት የሚያስፈልገው።

## መርፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ነው። ብቻውን ከተወጋ መርዛማ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ላይ በሌላ ሞለኪውል ጥርቅም አድርጎ ታስሮ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት ገበያ ላይ የዋለው በ1988 ነው።

ጋዶሊኒየም እንደ ቀለም ራሱ አይታይም። ጥንድ የሌላቸው ሰባት ኤሌክትሮኖች ስላሉት ከፍተኛ ማግኔታዊ ጠባይ አለው። አጠገቡ ያለው ውሃ ቶሎ እንዲረጋጋ ያደርጋል፤ ቶሎ የተረጋጋ ውሃ ደግሞ ምስሉ ላይ ደምቆ ይወጣል። በአጭሩ፣ ደም የደረሰበት ቦታ ሁሉ ይደምቃል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። ይህ መድኃኒት ለሲቲ ስካን ከሚሰጠው ጋር አንድ አይደለም። የሲቲው አዮዲን ያለበት ነው። ያኛው አለርጂ የሆነበት ሰው ይሄኛውም አለርጂ ይሆንበታል ማለት አይደለም። ቢሆንም ለባለሙያው መንገር ግድ ነው።

## ለምንድን ነው ደጋግመው የሚያነሱት?

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። የኮንትራስት ኤምአርአይ አንድ ፎቶ አይደለም። ሰዓት የሚቆጠርበት ተከታታይ ምስል ነው።

ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሩብ የሚሆነው በቀጥታ ከልብ በሚመጣው ደም ወሳጅ ሥር ይደርሰዋል። ሦስት አራተኛው ደግሞ አንጀትን ዞሮ፣ ፖርታል ቬን በሚባለው ትልቅ ሥር ይገባል። ስለዚህ መድኃኒቱ ክንድ ላይ ከተወጋ በኋላ ጉበት ጋ የሚደርሰው በየተራ ነው። ከ20 እስከ 35 ሰከንድ ባለው ጊዜ ደም ወሳጁ ይደምቃል። አንድ ደቂቃ አካባቢ ፖርታል ቬንና ጉበቱ ይደምቃሉ። ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ተጠብቆ የዘገየው ምስል ይነሳል።

አሁን ሁለት መሬት አስቡ። አንዱ አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲፈስበት ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሌላው ሸክላ አፈር ነው፤ ውሃው ቀስ እያለ ከዳር ወደ መሃል ይሰርጋል፣ ከገባ በኋላ ግን አይለቅም። ከጉበት ሕዋስ የሚነሳው ዋናው የጉበት ካንሰር እንደ አሸዋው ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ቦግ ይላል፤ በኋላ ከዙሪያው ጉበት በታች ይደበዝዛል። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ግን እንደ ሸክላው ነው። ውስጡ ጠባሳ በሚመስል ጠጣር ሕብረ ሕዋስ የተሞላ ነው። ጉበት ውስጥ ሲወጣ መጀመሪያ ጠርዙ ብቻ እንደ ቀለበት ይደምቃል። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ድምቀቱ ወደ መሃል ይገባል። በዘገየው ምስል ላይ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሲደበዝዝ እሱ ደምቆ ይቀራል።

ቱቦው ግድግዳ ላይ የሚሳበውም እንዲሁ ነው። የወፈረው ግድግዳ ቀስ ብሎ ይደምቅና ሳይለቅ ይቆያል። ለዚህ ነው የዘገየው ምስል ሊዘለል የማይገባው። ታማሚው ደክሞት «አይበቃም ወይ?» ሲል የሚቀረው ያ ምስል ነው፤ ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚናገረውም እሱ ነው።

በዚያው ቆይታ ውሃ በሕዋሳት መካከል ምን ያህል በነፃነት እንደሚንቀሳቀስ የሚለካ ሌላ አነሳስም ይታከላል። ዕጢ ውስጥ ሕዋሳት ስለሚጨናነቁ ውሃው መፈናፈኛ ያጣል፤ ቦታው ደምቆ ይወጣል። ይህኛው ያለ መርፌም ይሠራል።

## «ጉበት የሚወስደው» ኮንትራስት የሚባለውስ?

የተለመደው ኮንትራስት በኩላሊት ብቻ ነው የሚወጣው። ጋዶክሴቴት የሚባለው ግን ግማሽ ያህሉን የጉበት ሕዋሳት ይወስዱትና በሐሞት ያስወጡታል። ከተወጋ 20 ደቂቃ በኋላ ጤናማው ጉበት በሙሉ ያበራል። ዕጢው የጉበት ሕዋስ ስለሌለው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከዋናው ዕጢ ራቅ ብለው የተበተኑ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ለማግኘት ጎበዝ ነው።

ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። ቢሊሩቢን በጣም ሲጨምር፣ ማለትም ዓይኑ በጣም ቢጫ በሆነ ሰው ላይ፣ የጉበት ሕዋሳቱ መድኃኒቱን በደንብ አይወስዱትም። ምስሉም ይደበዝዛል። ሌላም ወጥመድ አለ። ጉበቱ ገና በሁለትና ሦስት ደቂቃው መድመቅ ስለሚጀምር ዕጢው የደበዘዘ ይመስላል። ያኔ የሐሞት ቱቦውን ካንሰር የጉበት ሕዋስ ካንሰር ነው ብሎ መሳሳት ይቻላል። የትኛው መድኃኒት እንደተወጋ ሪፖርቱ ላይ መጻፉ ስለዚህ ተራ ነገር አይደለም።

## ቀዶ ሐኪሙ ከምስሉ ምን ይፈልጋል?

ካንሰር መሆኑን ብቻ አይደለም። ይህን በሽታ አድናለሁ ብሎ የሚነሳው ሕክምና በዋናነት ቀዶ ጥገና ነው፤ በተመረጡ ጥቂት ሰዎች ላይ የጉበት ንቅለ ተከላም አለ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ተቆርጦ ይወጣል ወይ?» ነው።

የጉበት በር ላይ ላለው ዕጢ ሐኪሞች ቢስመትና ኮርሌት በ1975 ያወጡትን አከፋፈል ይጠቀማሉ። ዕጢው ከመጋጠሚያው በታች ከሆነ አንደኛ ዓይነት ነው። መጋጠሚያውን ከያዘ ሁለተኛ ነው። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቅርንጫፍ ከዘለቀ ሦስተኛ፣ ወደ ሁለቱም ከዘለቀ አራተኛ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ ፖርታል ቬን ተይዟል ወይ? ደም ወሳጁስ? ሊምፍ ኖዶች አብጠዋል? ሌላኛው የጉበት ክፍል ላይ የተበተነ ነገር አለ? በመጨረሻም ከቆረጥን በኋላ የሚተርፈው ጉበት ሰውየውን ያኖረዋል ወይ?

## ስቴንት ይቅደም ወይስ ኤምአርአይ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ። ሁኔታው የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉ ይቅደም።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ ቶሎ እፎይ እንዲል ይፈለጋል። ሐሞቱ እንዲፈስ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት የሚባል ትንሽ ማሳለፊያ ማስገባት ይቻላል። ሐሞቱ ይወርዳል፣ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ቤተሰብም ደስ ይለዋል። ግን ስቴንቱ ከገባ በኋላ የሰፋው ቱቦ ይሟሽሻል። ዛፉን ይስልልን የነበረው ሐሞት ከመንገድ ይወጣል። የባዕድ ነገር መግባት ግድግዳውን ያስቆጣዋል፤ የተቆጣ ግድግዳ ይወፍራል፣ በኮንትራስትም ይደምቃል። ያኔ የትኛው ውፍረት የዕጢው፣ የትኛው የስቴንቱ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ስቴንቱ የብረት ከሆነ ዙሪያውን ምስሉን ያበላሸዋል። ዕጢው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚታይበት ምቹ ጊዜ አለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ «ስቴንት ይግባ» ሲባል «ምስሉ አልቋል ወይ? ቀዶ ሐኪም አይቶታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሐኪምን መጋፋትም አይደለም።

ከዚህ የሚለይ ግን አንድ ሁኔታ አለ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከቢጫነቱ ጋር ከመጣ የተዘጋው ሐሞት ተመርዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሐሞቱ መፍሰስ አለበት፤ ለምስል ተብሎ ቀጠሮ አይጠበቅም።

## ኤምአርአዩ «ካንሰር ነው» ካለ አለቀ?

አላለቀም። የሚመሳሰሉት በሽታዎች አሉ። የራስ መከላከያ ኃይል ቱቦውን ሲያጠቃው ግድግዳው ወፍሮ ልክ ካንሰር ይመስላል። ከእነዚህ አንዱ አይጂጂ4 ከሚባል የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ጋር የተያያዘው ነው፤ በስቴሮይድ መድኃኒት ይሻለዋል። ካንሰር ነው ተብሎ ግማሽ ጉበቱን የሚያጣ ሰው እንዳይኖር ይህ መመርመር አለበት። ቱቦዎችን ቀስ በቀስ የሚያጠብብ የቆየ በሽታም አለ፤ ፒኤስሲ ይሉታል። እሱ ያለበት ሰው ለካንሰሩም የበለጠ የተጋለጠ ስለሆነ በየጊዜው ኤምአርአይ ይነሳል። የቆየ ጠጠርም ግድግዳን ያጠብባል።

ሲኤ 19-9 የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚለካው የደም ምርመራ ይረዳል እንጂ አይወስንም። ቱቦ በጠጠር ሲዘጋ ወይም ሲመረዝም ይጨምራል። ይህን ንጥረ ነገር በተፈጥሯቸው የማያመርቱ ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ላይ ካንሰር እያለ እንኳ አይጨምርም።

ስለዚህ ናሙና ይወሰዳል። አንዱ መንገድ በኢንዶስኮፒ ገብቶ በትንሽ ብሩሽ ግድግዳውን ፍቆ ሕዋስ ማውጣት ነው። ዕጢው ጠባሳ ስለሚበዛበት ብሩሹ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ካንሰር አልተገኘም» የሚል ውጤት «ካንሰር የለም» ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ንቅለ ተከላ ለሚታሰብለት ሰው በሆድ ቆዳ በኩል ዕጢውን በመርፌ መውጋት ዕድሉን ሊዘጋበት ይችላል፤ መርፌው በመንገዱ ላይ የካንሰር ሕዋስ ሊዘራ ስለሚችል። ምስሉና ሌላው መረጃ በቂ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ናሙና ሳይወሰድ ቀጥታ ቀዶ ጥገና የሚደረግበት ጊዜም አለ። ይህን የሚወስኑት አንድ ላይ ተቀምጠው ነው፦ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ የጉበት ሐኪሙና የካንሰር ሐኪሙ።

## ኩላሊትን አይጎዳም?

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በ2006 ኩላሊታቸው በጣም በተዳከመ ሰዎች ላይ ቆዳንና መገጣጠሚያን የሚያጠነክር ከባድ በሽታ ከጋዶሊኒየም ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ኩላሊቱ ቶሎ ስለማያስወጣው ጋዶሊኒየሙ ከማሰሪያው ይፈታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠንከር ብለው የታሰሩት መድኃኒቶች ተመራጭ ሆኑ፤ የኩላሊት ሥራም አስቀድሞ ይጠየቃል። አሁን ይህ በሽታ በጣም ብርቅ ሆኗል።

በ2014 ደግሞ ደጋግመው ኮንትራስት በወሰዱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ትንሽ ጋዶሊኒየም እንደሚቀር የሚያሳይ ጥናት ወጣ። በዚህ ምክንያት የታመመ ሰው በግልጽ አልታየም። ሆኖም የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ላላ ብለው የታሰሩትን አንዳንዶቹን አገደ። ለጉበት ምርመራ የሚያገለግሉትን ግን ምትክ ስለሌላቸው ለዚያ ሥራ ብቻ አስቀራቸው።

ኩላሊቱ ጤናማ በሆነ ሰው አብዛኛው መድኃኒት በ24 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ከባድ አለርጂ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ለነፍሰ ጡር ሴት የግድ ካልሆነ በቀር አይሰጥም።

## በዕለቱ ምን ይጠብቀኛል?

ከምርመራው በፊት ለአራት እስከ ስድስት ሰዓታት ያህል ሳይበላ ይኬዳል። ምክንያቱ ሆድ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ኤምአርሲፒው ላይ አብሮ እያበራ ቱቦውን ስለሚሸፍነው ነው። የልብ ምት ማስተካከያ፣ የጆሮ መትከያ ወይም ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ካለ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ማሽኑ ጠባብ ነው፣ ይጮኻል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ቀድሞ ይናገር፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ጠቅላላው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ከታማሚው የሚጠበቀው ትልቁ ሥራ ትንፋሽ መያዝ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። ጉበት ከሳንባ ሥር ስለሆነ በተነፈስን ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ የምንፈልገው ደግሞ የጥቂት ሚሊ ሜትር ነገር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ደግሞ አንዴ ካመለጠ መድኃኒቱ አልፏል፣ ተመልሶ አይነሳም። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ትንፋሽ አስወጥቶ እስከ ሃያ መቁጠርን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት መለማመድ ይጠቅማል። አስር ላይ የሚያቅተው ሰው ካለ ገና ሳይገባ ይናገር። ባለሙያው አነሳሱን ሊያሳጥርለት ይችላል።